ባለ 21 ፎቁ ማኅበር ቤት መፍረስ ነበረበት?

ፍሪሜሶኖች (የአንድ የወንድማማችነት ማኅበር አባላት) ቺካጎ መሀል ከተማ፣ ስቴትና ራንዶልፍ ጎዳናዎች ጥግ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ሜሶኒክ ቴምፕል የተባለ ማኅበር ቤት ሠሩ። በ1939 ፈረሰ። ልክ ነበር ወይስ ጥፋት? አንድ ወንድምና አንዲት እህት በጽሑፍ ተሟግተዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መፍረሱ ልክ ነበር፦ ፎቶውን ያየ ሁሉ «ምን ነክቷቸው አፈረሱት?» ይላል። ፎቶ ላይ ግን የሊፍት ሰልፍ አይታይም። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ማኅበርተኞቹ አናቱ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከሥር ያሉት ሱቆችና ቢሮዎች ይከራያሉ። የኛም እድሮች አዳራሽ ያከራዩ የለ? ችግሩ የመጣው የላይኞቹ አዳራሾች ቲያትር ማሳያም ሲሆኑ ነው። ተመልካቹ በአንዴ ግር ብሎ ይመጣል፣ ሊፍቱ አይበቃም፣ የቢሮ ተከራይ ደግሞ በገዛ ቢሮው ደጅ ይጠናል። ተከራዮቹ ቢሸሹ ምን ይገርማል? በዚህ ላይ በስቴት ጎዳና ሥር የምድር ባቡር ሊቆፈር ሆነ። የቺካጎ አፈር ለስላሳ ሸክላ ነው፤ መሠረቱን ማጠናከር ብዙ ገንዘብ ይበላ ነበር። የኔ ቢሆን እኔም አፈርሰው ነበር።

መፍረሱ ጥፋት ነበር፦ ወንድሜ፣ በሊፍቱ አልሟገትህም። ግን የፈረሰውን እንየው። ከበሩ ገብተህ ቀና ስትል መሀሉ ክፍት ነው፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ሱቅ። ዛሬ ሞል የምንለውን እነዚህ ሰዎች ያኔ ወደ ላይ ደርድረውታል። ቁመቱ 92 ሜትር ነበር፣ ጣሪያው ላይ ወጥተህ ከተማውን ታያለህ። ከነደፉት አንዱ ጆን ሩት በ1891፣ በ41 ዓመቱ፣ ሥራው ሳያልቅ ሞተ። በ1893 ደግሞ ከተማው ከ40 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ ከለከለ። ያኔ እንዲህ ያለውን መልሶ መሥራት እንኳ አይቻልም ነበር! ለመሆኑ በምትኩ ምን ቆመ? ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺን ሱቅ አትናቂያት። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ባዶ ግንብ ግብር ይቆጠርበታል፣ ኪራይ አያመጣም። ትንሽ ሱቅ ቢያንስ የመሬቱን ግብር ትከፍላለች፤ እንዲያውም አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን ሕንፃ «ግብር ከፋይ» ይሉታል። ደግሞ የማኅበሩ ስም እንኳ ቀደም ብሎ ተነስቶለት ካፒቶል ሕንፃ ተብሎ ነበር። ባቡሩም ይኸው በ1943 ሥራ ጀመረ።

መልስ፦ ግብር ከፋይ ላልከው የሁለት ሦስት ዓመት ብልሃት ከሆነ እሺ። እዚያ ጥግ ላይ እንደገና ረጅም ሕንፃ የቆመው ግን በ2008 ነው፤ የጆፍሪ ባሌት ታወር። ድቀቱ እስከዚያ አላለፈም ነበር?

መልስ፦ እሱስ አልፏል። ለሁለት ፎቋ ጥብቅና አልቆምም።