ዲፖዚት ያስጠየቀው ቢሮ፣ የምትከሰሰው ሲስተር

ሌሊት ላይ መኪና የገጨው ሰው በባጃጅ ተጭኖ አንድ የግል ሆስፒታል ደረሰ እንበል። ያመጡት መንገደኞች ስሙን እንኳ አያውቁም። ተረኛዋ ሲስተር ደሙን ለማቆም ጓንቷን ስታጠልቅ ከካሸሩ በኩል ድምፅ ይሰማል፤ «ዲፖዚት ሳይያዝ እንዳትጀምሩ ተብለናል።» ማን ነው ያለው? በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም። ሰውየው ቢሞትስ ማን ይጠየቃል?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ሐኪምንም ነርስንም በሙያቸው ጠርቶ፣ ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት መንፈግን ወንጀል ያደርጋል። አንቀጽ 575 ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ዝም ያለን ማንኛውንም ሰው ይቀጣል። ሙያዊ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል።

«አለቃዬ ገንዘብ ሳይያዝ አትንኩ ብሎኛል» ማለት በቂ ምክንያት ይሆናል? በእኔ እምነት አይሆንም። ሲስተሯ ግን ሥራዋንም ታስባለች። የቤት ኪራይ አለባት። ቀጣሪዋ ነገ ሊያባርራት ይችላል። ሕጉ በአንድ በኩል፣ ደመወዙ በሌላ በኩል ይጎትታታል።

አለቃውስ? አንቀጽ 34 ድርጅት በወንጀል የሚቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው ይላል። 537 ደግሞ የሚያወራው ስለ ባለሙያው ነው። ትእዛዙን በቃል የሰጠው ሥራ አስኪያጅ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካለ ነገሩ አለቀ። ትእዛዙ በወረቀት የማይሰፍረው ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

የሚያናድደው ደግሞ፣ ለመኪና አደጋ ተጎጂ የገንዘቡ ሰበብ አለመኖሩ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተጎጂ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ገጪው ቢሰወር እንኳ የመድን ፈንድ አለ። አዎ፣ ይህ ገንዘብ የግል ሆስፒታሉን ወጪ ሁሉ ላይሸፍን ይችላል። ደም ለማቆም፣ ኦክስጅን ለመስጠትና ግሉኮስ ለመክፈት ግን መነሻ ይሆናል። የሆስፒታሎቹንም ስሞታ አልንቅም፤ ያከሙበትን ገንዘብ ለማስመለስ ደብዳቤ ይዞ መመላለስ ያሰለቻል። ያንን ጣጣ ግን ራሱን የሳተ ሰው ላይ መጣል ምን ይሉታል?

ለነርሶች የምለው አለኝ። በሽተኛው የገባበትን ሰዓት፣ የደም ግፊቱን፣ ሕክምናው ከዘገየም ማን እንዳዘገየው ወዲያው ቻርቱ ላይ ጻፉ። በኋላ በትዝታ የተጻፈ ማስታወሻ ፍርድ ቤት ፊት ብዙም አይረዳችሁም። ዲፖዚት እንዲጠየቅ ያዘዘው ሰው ትእዛዙን በወረቀት እንዲሰጥ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ትእዛዙ ራሱ ይሰወራል።

ተቆጣጣሪው አካልም ቅሬታ ሲደርሰው የነርሷን የሙያ ፈቃድ ከማገዱ በፊት የሆስፒታሉን የሥራ ፈቃድ ይዞ ሥራ አስኪያጁን ይጥራ። በዚያ ሌሊት ካሸሩ የተቀበለው ትእዛዝ ከማን እንደመጣ መጀመሪያ መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነው።