ማስተካከያ፦ ናልባንዲያን የአባት ስም አይደለም

ስለ ብሔራዊ ቴአትር የሙዚቃ ታሪክ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ፣ የሙዚቃ አሠልጣኙ ነርሲስ ናልባንዲያን የሙዚቃ ደራሲው የኬቮርክ ናልባንዲያን ልጅ ተብለዋል፤ ናልባንዲያን የሚለው ስምም «ሙዚቀኛ» ተብሎ ተፈትቷል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኬቮርክ አጎታቸው ናቸው። ናልባንዲያን እንደኛ የአባት ስም ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የአርመን ቤተሰብ ስም ነው። «ናልባንድ» ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ባለሙያ ሲሆን፣ «ያን» ደግሞ የእገሌ ዘር እንደማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ብርቅ ይምሰል እንጂ በአርመኖች ዘንድ የታወቀ ስም ነው፤ አርጀንቲናዊው የቀድሞ የቴኒስ ተጫዋች ዳቪድም ናልባንዲያን ነው።

በዚያው መረጃ የሁለቱ ሰዎች ሥራ መቀላቀሉ ይበልጥ ያሳዝናል። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከ«አርባዎቹ ልጆች» ጋር መጥተው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ኬቮርክ ናቸው። የቴአትር ቤቱን ሙዚቀኞች ያሠለጠኑት ነርሲስ ናቸው።