ሳያዩ ለሚያነቡ ልጆቻችን

የሰው አገር ልጅ ለማንበብ ዓይኑን ያደክማል። ፊደሉን ያያል፣ ድምፁን ያስታውሳል፣ ያገጣጥማል፣ ከዚያ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያስባል። ለአንድ ቃል አራት ሥራ! እኛ ጎንደር ውስጥ ይህን ሁሉ ልፋት አስቀርተናል። የእኛ ልጅ የሚያነበው በጆሮውና በጉሮሮው ነው። ዓይኑ ነፃ ነው፤ በመስኮት ወፍ ያይበታል።

የማያምን ካለ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ከፒያሳ ተነስቶ በማራኪ በኩል ይለፍ። ካልሆነም ወደ አዘዞ ይዝለቅ። ትምህርት ቤቱን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። "ሀ! ሁ! ሂ! ሃ!" አጥሩ ይንቀጠቀጣል። መምህሯ "አበበ በሶ በላ" ትላለች፣ ክፍሉ "አበበ በሶ በላ!" ይላል። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ "ወይ ትምህርት! የዛሬ ልጆች ታድለው" ይልና መንገዱን ይቀጥላል። እኔም እንዲሁ እላለሁ። እንዲህ የተሰናዳ ዝማሬ ለጥምቀት እንኳ ስንት ልምምድ ይጠይቃል። እኛ ግን በአንደኛ ክፍል እንጨርሰዋለን።

በዚህ ዝማሬ ውስጥ ማንም የማያወድሰው አንድ ጥበብ አለ፤ እኔ ላወድሰው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠውን ልጅ ተመልከቱ። አንድም ፊደል አይለይም። ግን ከንፈሩ አያርፍም። የጓደኛውን ድምፅ ይሰማል፣ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ እሱም ይለዋል። ጣቱም መጽሐፉ ላይ ትሄዳለች። መስመሩ ሌላ ነው እንጂ ትሄዳለች። ዓመቱ ሲያልቅ ካርዱ ላይ "ጥሩ ተሳትፎ አለው" ተብሎ ይጻፍለታል። አለው እንጂ! ከክፍሉ ሁሉ ነቅቶ የዋለው እሱ ነው። የሚችሉት ልጆችማ ምን ይደክማሉ፣ ዝም ብለው ያነባሉ።

ክህሎቱ አምሮ የሚታየው ግን ቤት ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ። ቡናው ቀርቧል፣ ዘመድ ተሰብስቧል። እናት "ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ለጋሼ አንብብላቸው" ትላለች። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነው። መጽሐፉን ይገልጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያንበለብለዋል። ነጠላ ሰረዝ አያስቆመውም፣ አራት ነጥብ አያስቆመውም። የሚቆመው ትንፋሹ ሲያልቅ ነው። ዓይኑ ቆሎው ላይ ነው። አማርኛችን መጥበቅና መላላትን በፊደል አይጽፍም። "ገና" ከተባለ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚባለው፣ የሚለየው የሚያነበው ነገር የገባው ልጅ ነው። ይህ ሌላውን ሊያስቸግር ይችላል። የእኛን ልጅ ምን ቸገረው? መምህሯ ያጠበቀችውን ያጠብቃል፣ ያላላችውን ያላላል። አክስት እልል ትላለች። "ኧረ ዲያ! ይኼስ ጳጳስ ነው የሚሆነው!"

ምቀኛ ግን አይጠፋም። እንዲህ ያለ ቡና ላይ አንድ ሽማግሌ አጋጠሙኝ፤ የልጁ የአባቱ አጎት ናቸው። ልጁን አመሰገኑት፣ ሳሙት፣ መጽሐፉን ተቀበሉትና ወደፊት አሥር ገጽ ያህል ገለጡ።

"እስቲ ይችን ደግሞ በልልኝ።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ሥዕሉን አየ። ሥዕሉ ላይ ሴቶች እንስራ ይዘው ጉድጓድ ዳር ቆመዋል።

"ውኃ" አለ።

"ጎበዝ። ይች ፊደልስ ማን ናት?"

ልጁ እናቱን አየ። እናት ፈጥና ደረሰች፤ "ጋሼ፣ እሱን እኮ ገና አልተማሩትም!"

ይህን መልስ ልብ በሉልኝ። ገና አልተማሩትም። እንዲህ ያለ ጨዋ ንባብ የት አገር ይገኛል? ልጁ ያልተፈቀደለትን ገጽ አይደፍርም። ገጽ 12 ላይ ያለችው "በ" ዘመዱ ናት፤ ሲጠራት ትመጣለች። ገጽ 22 ላይ ያለችውን "በ" ግን ከየት ያውቃታል? ማን አስተዋወቀው? ሽማግሌው አፈሩ። መጽሐፉን መለሱ፣ ለልጁም ብር ሰጡት፣ ሁለተኛውን ቡና ዝም ብለው ጠጡ። ወላጆችም ተጽናኑ። በነገራችን ላይ ልጁ በዚያ ሴሚስተር 1ኛ ወጥቷል። ከእሱ ጋር ሌሎች አሥራ አንድ ልጆችም 1ኛ ወጥተዋል።

ይህን የመጠራጠር ልማድ ሽማግሌው የተማሩት ከየኔታ መሆን አለበት። ደብር በሞላባት በዚህች ከተማ ስንቱ በቄስ ትምህርት ቤት አልፏል። የኔታ ደግሞ ክፉ ተጠራጣሪ ነበሩ። ልጁ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" በቃሉ ሲወርድላቸው ደስ አይላቸውም። "ሸምድደህ ነው" ይሉታል። ስለዚህ አቡጊዳን ያመጡበታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ ቤት ቀይሮ፣ ግዕዙን ካዕብ፣ ካዕቡን ሳልስ ተከትሎ፣ በሰያፍ የሚሄድ ገበታ። የሀ ሁ ዜማ እዚህ አያዋጣም። ልጁ ሳይወድ በግዱ ያያል። ይህ አልበቃ ብሏቸው በስንደዶ ከመሃል አንዷን ነካ አድርገው "ይች ማን ናት?" ይላሉ። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። እሱም ቶሎ አይነበብም፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጠራል። ዳዊት እስኪደረስ ስንት ጣጣ! እንዲህ ያለ ማሰቃየት።

እውነቱን ለመናገር የኔታም እንከን አላጡም። ልጁ ዳዊቱን ሲደግም ግዕዙ ምን እንደሚል የሚጠይቀው አልነበረም። ትርጓሜ የሌላ ጉባኤ ሥራ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። አለንጋውም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ከዚህ ቤት መርጦ ወረሰ። ጩኸቱን ወሰደ። ትርጉም አለመጠየቁን ወሰደ። አለንጋውንም ለጊዜው ወስዶ ነበር። ስንደዶዋን ግን እዚያው ጥሏት መጣ። እንዴት ያለ ምርጫ ነው!

ፍሬውም ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ያስነበቡ አጥኚዎች ነበሩ። አንድ በአንድ! ያለ ጓደኛ፣ ያለ ዜማ፣ ከማያውቁት ገጽ። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ጥፋቱ የማን ነው? የጠያቂዎቹ ነዋ። ክፍሉን በሙሉ አንድ ላይ አስቁመው "በሉ" ቢሏቸው ኖሮ ውጤቱ መቶ በመቶ ነበር።

ፖሊሲውም አግዞናል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ በየቀኑ እየታየ፣ እየተደገፈ እንዲያልፍ ተባለ። መልካም ሐሳብ ነው። ግን "እየታየ እየተደገፈ" የሚለው ጊዜ ይፈጃል። "እንዲያልፍ" የሚለው አይፈጅም። የማይፈጀውን ያዝን።

ልጁም እየዘመረ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። እዚያ ሳይንስ ይጠብቀዋል። ሳይንስ ዜማ የለውም። "አንቀጹን አንብባችሁ ጥያቄውን መልሱ" ይባላል። ልጁ ጥያቄው ውስጥ ያለ አንድ ቃል ይመርጣል፣ ያንኑ ቃል አንቀጹ ውስጥ ይፈልጋል፣ ዙሪያውን ያለውን ገልብጦ ያስረክባል። ከአምስት ሦስቱ ልክ ይወጣል። በዚህ ዘዴ ስምንተኛ ክፍል የደረሱ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ የደረሱም አይጠፉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ጮኸ። ጦርነቱ እንደ ምክንያት ተነሳ፤ እሱስ እውነት ነው፣ ስንት ትምህርት ቤት ዘግቷል። ኩረጃ መከልከሉም ተነሳ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለነበረው ቆሎና ቡና ግን ያነሳ አልነበረም። ያቺ እናት ብትጠየቅ ግን ትናገር ነበር። ያ ፈተና እኮ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገና ያልተማሩት ነው።

መምህሯን ግን አትንኩብኝ። ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፣ ልጁ 60 ነው። ስም ሳትጠራ፣ ጠመኔ ሳትፈልግ፣ ያለቀሰውን ሳታባብል ብትጀምር ለአንድ ልጅ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል። በ40 ሰከንድ ልጁ መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ አይጨርስም። እና ታዘምራለች። ርእሰ መምህሩ ከበረንዳው ሆነው ይሰሙና ደስ ይላቸዋል። ሱፐርቫይዘሩ "ክፍሉ ንቁ ነው" ብለው ይጽፋሉ። ልጆች አጎንብሰው፣ በየራሳቸው፣ በለሆሳስ የሚያነቡበት ክፍል ቢያጋጥማቸው "ምነው ክፍሉ ሞተ?" ማለታቸው አይቀርም።

አንዲት ወጣት መምህርት ይህን ሕግ ጥሳ ነበር። ካርቶን ቆርጣ ፊደላት ጻፈችበት፣ በፌስታል ከተተችው። ልጆች አንድ አንድ እያወጡ ይለያሉ፣ ከጓደኛቸው ፊደል ጋር እያጋጠሙ ቃል ይሠራሉ። እሷ ደግሞ በቀን አምስት ልጅ ብቻ ወደ ጠረጴዛዋ እየጠራች፣ ከማያውቁት ገጽ ሁለት መስመር ታስነብባለች። ከዚያ "ምን አለ?" ትላለች። አምስቱ እዚህ ሲሆኑ ሌሎቹ በካርቶኑ ይጫወታሉ። አንዱን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ የምታገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ግን ታገኘዋለች። "ሰ" እና "ሸ"ን ማን እንደሚያምታታ፣ "ጠ" ላይ ማን እንደሚቆም በደብተሯ ይዛለች። በወላጆች ስብሰባ ጉዷ ወጣ። "የጎን ክፍል ገጽ 40 ደርሷል፣ የእኛ ልጆች ገጽ 15 ላይ ናቸው! በካርቶን ሲጫወቱ ይውላሉ!" ልክ ናቸው። ለዩኒፎርም የከፈለ ወላጅ ገጽ ይፈልጋል። የካርቶኑ ፌስታል መደርደሪያ ላይ ተሰቀለ፣ ክፍሉም መዝሙሩን ቀጠለ። በሦስት ሳምንት ገጽ 40 ደረሱ።

የእንግሊዝኛውን ንባብ አላነሳም። እዚያ ልጁ ሳያይ ብቻ ሳይሆን ሳይገባውም ነው የሚያነበው፤ ይህ ደግሞ በወር የሚከፈልበት የተከበረ አገልግሎት ነው። ስለ አስጠኚዎችም አልናገርም። የቤት ሥራውን ሠርተው፣ በልጁ እጅ ጽሕፈት አስመስለው፣ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ለእናት መላክ ቀላል ሙያ አይደለም።

ብቻ "ልጆቻችን ምንም አያነቡም" የሚለውን ስም ማጥፋት አልቀበልም። ፋሲል ከነማ የሚለውን ማንም የጎንደር ልጅ ከመንገድ ማዶ ያነበዋል፤ ማልያ ላይ እስካለ ድረስ። ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፉለትና አሳዩት። ገና አልተማረውም።

አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ወረቀት ተወዷል፣ ቀለም ተወዷል። መጽሐፍ አነሰ እየተባለ ለሦስት ልጅ አንድ የሚታደልበት ጊዜ አለ። ፊደሉን ከመጽሐፉ እናውጣው። ማን አየው? ሥዕሉ ይበቃል። ልጁ ላሚቱን ሲያይ የላሚቱን ገጽ ይላል፣ ጉድጓዱን ሲያይ የጉድጓዱን። መጽሐፉ በግማሽ ይቀጥናል፣ ቦርሳው ይቀላል፣ የልጆቹም ጀርባ ያርፋል።

ሐሳቡን ለአንድ ርእሰ መምህር ነገርኳቸው። አልሳቁም። አገጫቸውን ይዘው አሰቡበት።

"ሥዕሉን ብቻ አይቀይሩብን" አሉኝ። አዲሱ መጽሐፍ የመጣ ሰሞን ላም በነበረችበት ገጽ ላይ በግ ተስሎ ኖሮ፣ አንድ ክፍል ሙሉ በጉን እያየ "ላሚቱ ወተት ትሰጣለች" ሲል ወር ሞላው። ያወቀው የለም። መምህሩም መጽሐፉን ገልጠው አያውቁም ነበር፤ እሳቸውም በቃላቸው ነው።