ማርስ ላይ ቡና ለማፍላት

ማርስ ላይ ሰው መኖር ይችላል ወይ በተባለ ቁጥር ጨዋታው አየርና ውሃ ላይ ያልቃል። ቡናውን የሚያነሳ የለም። ያለ ቡና ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት እንዴት ሊተማማ ነው?

ደጅ ላይ ማፍላት አይታሰብም። የማርስ የአየር ግፊት የምድርን 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ውሃ ገና ከ0 ዲግሪ ትንሽ እንዳለፈ ይንተከተካል። ጀበናው ገነፈለ ተብሎ ቢቀዳ ቡናው ጥሬ፣ ሲኒው ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አየር በታሸገበት ቤት ውስጥ ይፈላ። በከሰል? 1 ኪሎ ከሰል ነድዶ ለማለቅ ከ2 ኪሎ በላይ ኦክሲጅን ይበላል፤ አንድ ሰው በቀን የሚበቃው 840 ግራም ያህል ነው። ሁለት እንግዳ ጠርቶ የሁለቱንም የቀን ትንፋሽ ምድጃ ላይ መማገድ ማለት ነው። ኦክሲጅን እዚያው ማምረት ይቻላል፣ እውነት ነው፤ የናሳዋ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ የያዘችው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ ከማርስ አየር አውጥቶ አሳይቷል። ከ2021 እስከ 2023 በድምሩ ያወጣው 122 ግራም ነው። አንድ እፍኝ ከሰል እንኳ በቅጡ አያነድም። ዕጣኑማ ይቅር፤ ጭሱ መውጫ ስለሌለው የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

በኤሌክትሪክ ቢባል፣ እንጀራም መጋገሩ አይቀርምና የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የፐርሲቪራንስ የኑክሌር ባትሪ ጉዞ ስትጀምር የሚሰጠው 110 ዋት ያህል ነበር። አንድ ምጣድ ለማጋም እንዲህ ያለ 32 ባትሪ! በፀሐይ ኃይል የሚተማመን ደግሞ በዚያው ኃይል ትሠራ የነበረችውን የናሳ የማርስ ተሽከርካሪ ኦፖርቹኒቲን ያስታውስ፤ በ2018 የአቧራ ማዕበል ፕላኔቷን ሙሉ ሲሸፍናት ተሽከርካሪዋ ድምፅዋ እንደጠፋ ቀረ። መብራት ሄደ ብሎ ከጎረቤት መስመር መቀጠል የለም።

ጤፉስ? አፈሩ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አለበት። ሳይታጠብ ከተዘራበትና እህሉ ከተበላ ታይሮይድ አዮዲን እንዳያገኝ ያግዳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ስደቱ ሳያንስ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ለቅሶ ነው። ሁለቱ ፕላኔቶች ለጉዞ የሚመቻቹት በ26 ወር አንዴ ሲሆን መንገዱ ራሱ 7 ወር ገደማ ይፈጃል። መንኮራኩሯ በሄደች ማግስት መርዶ የደረሰው ሰው ምድር ሲደርስ 33 ወር ሆኖታል፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሁለተኛው ሙት ዓመት ሁሉ አልፏል። ይህን ለዕድር ዳኛ ማስረዳት ሮኬት ከመሥራት ይከብዳል።

በስልክ ላጽናና ቢልም ማርስ ስትርቅ አንድ ቃል ለመድረስ 22 ደቂቃ፣ መልሱ ለመመለስ ሌላ 22 ደቂቃ ይወስዳል። እንዴት ናችሁ፣ ልጆቹስ፣ እማማስ፣ ጤናስ፣ ሥራስ፤ አምስቱም በየተራ ከተመለሱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አለቀ፣ ገና ሰላምታ ላይ ነን። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠይቆ መላክ ይቻል ነበር። ግን መልስ ሳይጠብቅ ጥያቄ የሚደረድር ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

በ26 ወር አንዴ ደግሞ ፀሐይ መሀል ትገባና ለሁለት ሳምንት ያህል መልእክት ይቋረጣል። «ኔትወርክ አልነበረም» ያለ ሰው የሚታመነው ያኔ ብቻ ነው።