ቫይረሱ ብቻውን ተከሳሽ አይሁን

ኮቪድ-19 ከያዛቸው በኋላ የሬቲናቸው (በዓይን የኋላ ክፍል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ ስለተዘጋባቸው ሰዎች ያነበብኩት ጽሑፍ ቫይረሱን ተጠያቂ ማድረጉ የሚናቅ አይደለም። ቫይረሱ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል፤ ደምም ከወትሮው በላይ ለመርጋት ይቸኩላል። የሬቲና ደም መልስ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ደምን ከልብ የሚያመጣው ሥር፣ ደም ቅዳው፣ በላዩ በሚሻገርበት ቦታ ላይ ሲጫነው ጥቂት የረጋ ደም ይበቃዋል። የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስም የሬቲናን ደም ሥሮች አቁስሎ እንደሚዘጋ ከኮቪድ በፊት የታወቀ ነው።

ሆኖም «ከኮቪድ በኋላ» እና «በኮቪድ ምክንያት» ለየቅል ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ከኮቪድ ባገገመ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጋዜጣ ሲገልጥ፣ በግራ ዓይኑ የገጹ ታችኛው ግማሽ ጭጋግ ለበሰበት። ሕመም የለ፣ መቅላት የለ። የሬቲናው ደም መልስ ተዘግቶ ነበር። ሁላችንም ቫይረሱን ረገምን። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የደም ግፊቱን ለካ፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ከፍ ብሎ የኖረ፣ ለዚህ መዘጋት የሚያጋልጥ ግፊት ተገኘ። (መለኪያው መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።) ቫይረሱ ነገሩን አፋጥኖት ይሆናል፤ ግፊቱ ግን ቀድሞት ደርሷል።

ጸሐፊው ደም መልስንና ደም ቅዳን ቢለያቸው ደስ ባለኝ ነበር። የተዘጋው ደም ቅዳው ከሆነ ነገሩ ከአንጎል ምት የማይለይ አደጋ ነው፤ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም።