የጅማ ቡና ሥሩን ነቅሎ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ በተካሄደ የባለሀብቶች ምክክር ላይ አንድ ተናጋሪ «ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል (ከዚያ በታች መክፈል የማይቻልበት ዝቅተኛ ክፍያ) ከተወሰነ ባለሀብቱ ወደ ሌላ አገር ይሸሻል» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ነገሩ ስለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ቢሆን ተቀምጦ መከራከር ይቻል ነበር። ጨርቁም ማሽኑም ከውጭ የመጣ ነውና ነገ ተጭኖ ሊሄድ ይችላል። የጎማ፣ የማናና የሊሙ ቡና ግን ሥሩ እዚህ ነው። «የቡና ማበጠሪያው ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል» እንዳይባል ደግሞ ወለሉ አገር አቀፍ ነው፤ እዚያም ያገኘዋል። በቡና ከተማ ተቁሞ ይህን ማስፈራሪያ መናገር ሰሚን መናቅ ነው።

ማበጠሪያ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እንየው። ማሽኑ ገለባውንና ጠጠሩን ካወጣ በኋላ ቡናው ለቃሚ ሴቶቹ ፊት ይደፋል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ሻጋታ የነካውን፣ በነፍሳት የተበሳውን ፍሬ አንድ በአንድ በጣታቸው ያወጣሉ። ደረጃ መዳቢው ከቅምሻው ሌላ 300 ግራም ናሙና ወስዶ እንከን ይቆጥራል። እስከ 3 ከሆነ አንደኛ፣ ከ4 እስከ 12 ሁለተኛ፣ ከ46 እስከ 100 ከሆነ አምስተኛ ደረጃ ነው። የውጭ ገዢ «ጅማ 5» እያለ የሚጠራው ቡና ስሙን ያገኘው ከዚህ ምደባ ነው። 46 እንከን ያለበትን ናሙና ወደ 12 ለማውረድ 34 እንከን መውጣት አለበት፤ ከ300 ግራም ውስጥ! የሚያወጣው የሴቶቹ ጣት ነው። የቀለም መለያ ማሽን ጥቁሩን ይለያል፤ እሺ። ቀለሙ ሳይለወጥ ውስጡ የተበሳውን ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፤ ያኔ እንደገና ለቃሚ ይፈለጋል።

ክፍያው በኪሎ ወይም በጆንያ ነው። የሚበደሉትም እዚህ ላይ ነው። ንጹሑም ጆንያ፣ ግማሹ የተበላሸውም ጆንያ በአንድ ዋጋ ከተለቀመ፣ የተበላሸው የደረሳት ሴት እጥፍ ሰዓት ተቀምጣ ያንኑ ገንዘብ ትወስዳለች። መኪናው እስኪመጣ በር ላይ የጠበቀችው ሰዓት አይቆጠርም። ካቦው «ድገሚው» ካላት ድጋሚው በነጻ ነው። ሚዛኑን የሚያነበው ካቦው፣ መዝገቡን የሚይዘውም ካቦው ነው።

ይህ የሚስተካከለው በቀላል ሒሳብ ነው። ከ2018 መባቻ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ «ከዚህ በታች አይኖርም» ብሏል ማለት ነው። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብናስብ 208 ሰዓት ይሆናል፤ በሰዓት 28 ብር ከ85 ሳንቲም ይወጣል። ንጹሕ ቡና ሆኖ አንዲት ሴት በሰዓት 10 ኪሎ ትለቅማለች እንበል፤ የኪሎ ዋጋው ከ2 ብር ከ88 ሳንቲም ማነስ የለበትም። ቡናው ተበላሽቶ 5 ኪሎ ብቻ ከወጣላት 5 ብር ከ77 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ዋጋው የሚቆረጠው ጆንያው ተከፍቶ፣ ናሙናው ታይቶ ነው። ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ ካለቀ በኋላ ከሆነ ወለሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ባለሀብቱ ይህን ይችለዋል? አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ አንድ ኪሎ በአማካይ ከ5 ዶላር በላይ ተሸጧል ማለት ነው። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው፣ ዛሬ ከዚያ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ኪሎው ከ500 ብር ይበልጣል። ለቃሚዋ በከፋው ጆንያ የምታገኘው 5 ብር ከ77 ሳንቲም ከዚህ ላይ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። በዚህ ገንዘብ የሚሸሽ ባለሀብት ካለ ፊቱንም ሊሠራ አልመጣም።

«ግብር ተቀንሶላቸዋል» የሚል መልስም ይሰማል። እውነት ነው፣ በ2017 በተሻሻለው ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነጻ ሆኗል፤ ለደመወዝተኛው መልካም ነው። የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሟ የሌለች የቀን ሠራተኛ ግን ከዚህ ምን ታተርፋለች? ሱቅ ሄዳ ሳሙና ስትገዛ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ልክ እንደ ቡና ላኪው ትከፍላለች። የጡረታ መዋጮ፣ የአሠሪው 11 በመቶና የእሷ 7 በመቶ፣ ያለ መዝገብ አይታሰብም። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲደራጅ ይላል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ፤ የወለሉን ቁጥር ግን ለቃሚዋ አላየችም። ቁጥሩን ይዞ መምጣት የአዲስ አበባ ሥራ ነው። የከተማችን የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች ግን ያን መጠበቅ የለባቸውም። የዕለቱ የኪሎ ዋጋ ጠዋት በማበጠሪያው በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ሚዛኑ ወደ ለቃሚዋ ይዙር፤ የተለቀመው ኪሎ እሷ በምትይዘው ደብተር ላይም ይጻፍ።