ለሊቀ ካሎሪ የቀረበ ውዳሴ

በመሮጫው ማሽን ላይ ሁለቱን መደገፊያዎች ጨምድደው ይዘዋል። ወገባቸውን ወደ ኋላ ጣል፣ ክብደታቸውን ለክንዳቸው አደራ ብለው፣ ከእግራቸው ሥር የሚሽከረከረውን ምንጣፍ በትዕግሥት ያሳልፉታል። ዐይናቸው ከቁጥሩ አይነቀልም። 540፣ 546፣ 549... ልክ 550 ሲሞላ ቀዩን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ፊታቸው ላይም የከረመ ዕዳውን ከፍሎ የወጣ ሰው እፎይታ ይነበባል። ዕድሜ ይስጥልን! እኚህ ናቸው ሊቀ ካሎሪ፤ ሮጠው ያቃጠሉትን ላባቸው ሳይደርቅ በማንኪያ የሚመልሱ፣ በመዝገባቸው ላይ ግን ሁሌም የሚቀንሱ።

ማሽኑ 550ውን ከየት አመጣው? ይህን የሚጠይቅ ምቀኛ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ፍጥነቱንና ዳገቱን ነው፤ ኪሎ ካልነገሩት አምራቹ የሞላለትን ኪሎ ይዞ ያሰላል። ሊቁ ተንጠልጥለው ከሸክማቸው ከፊሉን ለብረቱ እንዳካፈሉትም አያይም። የእጅ ስሌቱ እኮ ቀላል ነው፤ ሩጫ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ገደማ ይበላል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 400 አካባቢ መሆኑ ነው፤ ፈጠነም ዘገየም ለዚያው መንገድ የሚከፍለው ተቀራራቢ ነው። ከዚህ ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቢሆን እንኳ ሰውነቱ ማውጣቱ የማይቀር ነገር አለ፤ ለ80 ኪሎ ሰው በሰዓት 80 ገደማ፣ ለ35 ደቂቃው ሩጫ 45 ያህል። እሱ ሲነሳ ሩጫው ራሱ ያመጣው 350 ነው። መንገዱን በእርምጃ ከጨረሰው ደግሞ ወደ 200 ይወርዳል። ሊቁ ግን 350 ተብሎ ሲቀርብላቸው ለምን ይቀበላሉ? ሁለት ቁጥር ፊቱ ተቀምጦ ትንሹን የሚያነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ማሽኑ ቢሰስት የእጅ ሰዓታቸው አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ ላይ መለኪያዎችን ፈትሸው ነበር። የልብ ምቱን አብዛኞቹ ደህና ቆጠሩት፤ ካሎሪውን ግን በትክክል የቆጠረ አልተገኘም። የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93 በመቶ። ሊቁ ይህን ሲሰሙ ቅንጣት አልደነገጡም። 93 በመቶ የሚስተው የት እንደሚሸጥ ነው የጠየቁት።

አሁን ወደ ማእድ ቤት እንከተላቸው፤ እጃቸው የሚታየው እዚያ ነው። የበሉትን በሚመዘግቡበት የስልክ መተግበሪያ ላይ «የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ» ብለው ጻፉ። መተግበሪያው የሚያውቀው ማንኪያ አፉ ልክ የተላገ፣ 16 ግራም የያዘ፣ 95 ካሎሪ ገደማ ነው። የእሳቸው ማንኪያ ግን ከብልቃጡ ሲወጣ ጉልላት ደፍቶ ነው፤ ጀርባውም ጭምር ለብሷል። የኩሽና ሚዛን ላይ ቢያርፍ 35 ግራም ይላል፣ ከ200 ካሎሪ በላይ። በጎን የተንጠለጠለውን በሌባ ጣታቸው ጠርገው ይልሱታል፤ ጣት በመተግበሪያው ውስጥ መለኪያ ሆኖ ስላልገባ አይቆጠርም። ዘይትም «ጠብ» ነው የሚደረገው። አንዲት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ናት፣ 120 ካሎሪ፤ ምክንያቱም ስብ በግራም 9 ካሎሪ ሲይዝ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ነው የሚይዙት። ጠርሙሱ ዘንበል ብሎ ሲንቆረቆር «ጠብ» ሦስት ማንኪያ ይሆናል። ያ ሁሉ የ35 ደቂቃ ሩጫ መጥበሻው ላይ ሲንጨረጨር ይሰማል። ሩዙን ደግሞ ጥሬውን 100 ግራም መዝነው «የበሰለ ሩዝ» በሚለው ስም ያስገቡታል፤ ጥሬው 360 ገደማ፣ የበሰለው 130 ገደማ ነው። ልዩነቱ ውሃ ነው ይላሉ ተንኮለኞች። ሲቀምሱ የሄደው፣ ከልጅ ሳህን የተነሳው፣ በብርጭቆ የተጠጣው ጭማቂ አይጻፍም፤ ቆመው የወሰዱት ምግብ አይባልማ።

ሊቁ በዚህ ብቻቸውን እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት «ትንሽ እየበላን መቀነስ አቃተን» የሚሉ ሰዎችን ለክቷል። የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አግዝፈው ተገኙ፤ ሰውነታቸው የሚያወጣው ኃይል ግን ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ሊቀ ካሎሪ ከዚህ ትውልድ የወጡ ናቸው፤ ያሻሻሉትም አለ።

ማዕረጉን ያገኙት ግን በማንኪያ ሳይሆን በማባዣ ነው። ሰውነት ዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያወጣውን ለመገመት ከእ.ኤ.አ. 1990 ወዲህ የተለመደ የሚፍሊን ቀመር አለ። ኪሎ በ10፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ይባዙና ይደመራሉ፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ለወንድ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል። ሊቁ 80 ኪሎ፣ 170 ሴንቲ ሜትር፣ 35 ዓመት ናቸውና 1,690 ገደማ ይደርሳቸዋል። ይህ እንደ እንቅስቃሴው ይባዛል፤ ቀኑን ወንበር ላይ ለሚውል በ1.2፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ለሚንቀሳቀስ በ1.375፣ በሳምንት ስድስት ሰባት ቀን ከባድ ልምምድ ለሚሠራ በ1.725። ሊቁ በሳምንት ሦስት ቀን 35 ደቂቃ ይሮጣሉ፣ ሌላውን ሰዓት ከወንበር ወደ ሶፋ ይዛወራሉ። የመረጡት 1.725 ነው፤ ትሕትና ባይዛቸው ከዚያም በላይ ይወጡ ነበር። 2,920 መጣላቸው። ከዚህ ላይ 500 በጀግንነት ቀነሱና በቀን 2,420 እየበሉ «ዳይት ላይ ነኝ» አሉ። የሚገባቸው ማባዣ 1.375 ስለሆነ እውነተኛ ወጪያቸው 2,330 አካባቢ ነው። ቁጥሩን ደግመው ይቀንሱት፤ ዳይት ላይ ሆነው በየቀኑ 90 ካሎሪ የሚተርፋቸው ሰው ናቸው።

ገና አልጨረሱም። የሩጫው ቀን ማሽኑ የሰጣቸውን 550 በላዩ ይጨምራሉ፤ «አቃጥዬዋለሁ፣ ይገባኛል»። ሩጫው በማባዣው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ አንዱን በሬ ለሁለት ገበያተኛ ሸጡት ማለት ነው። 350 ያወጣ ሩጫ 550 ስላስበላ፣ የሮጡበት ቀን ካልሮጡበት ይልቅ 200 ያተርፋል። ሩጫ የሚያወፍረው ሰው ማየት ለሚሻ፣ እነሆ።

እዚህ ላይ አሰልቺ የሚባሉትን ሰዎች ሳይወቅሱ ማለፍ አይገባም። እነሱ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ፤ ወይ ልምምዱን ያካተተ ማባዣ ወስደው የሩጫውን ካሎሪ መልሰው አይበሉም፣ ወይ 1.2ን ወስደው ሰዓቱ ካለው ግማሹን ያህል ብቻ ይመልሳሉ። ድፍረት የሚባል አልፈጠረባቸውም።

ሊቁ አንዳንድ ሰኞ ይቆጣሉ። ያን ጊዜ በቀን 900 ካሎሪ፣ ሁለት ሰዓት ጂም ነው። በሳምንቱ 3 ኪሎ ወረደ፤ ፎቶ ተነሳ፤ ምስክርነት ተሰጠ። 3 ኪሎው ሁሉ ስብ ቢሆን፣ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነውና፣ በየቀኑ 3,300 መጉደል ነበረበት፤ ሰውየው እኮ ምንም ባይቀምሱ እንኳ በአዘቦት ቀን 2,330 ነው የሚያወጡት። የወረደው ብዙው ውሃ ነው። በጡንቻና በጉበት የተቀመጠው የስኳር ክምችት፣ ግላይኮጅን የሚሉት፣ በግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይኖራል፤ ምግብ ሲያንስ አብረው ይወጣሉ፣ ምግብ ሲመለስ አብረው ይገባሉ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሰውነት በዝምታ ወጪ ይቆርጣል። ከሩጫው መልስ ሊቁ እስከ ማታ ከሶፋ አይነሱም፣ ለአንድ ፎቅ ሊፍት ይጠብቃሉ፣ ሲያወሩ እንኳ እጃቸውን ማወናጨፍ ይተዋሉ። ሩጫው ይመዘገባል፤ መጋደሙ አይመዘገብም። ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። አሰልቺዎቹ ግን በሳምንት ከክብደታቸው ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ካወረዱ ይበቃናል ይላሉ፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበላሉ፣ ለ80 ኪሎ ሰው 130 ገደማ መሆኑ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ብረት ያነሳሉ፤ እንደ 900 ወዳለው ቁጥር ያለ ሐኪም ክትትል አይጠጉም። ፈሪዎች።

ቅዳሜና እሁድም አለ። ሊቁ ተሳክቶላቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ በእርግጥ 500፣ 500 ቢያጎድሉ 2,500 ይሆናል። ቅዳሜ 1,250፣ እሁድ 1,250 ትርፍ ይገባል። ሳምንቱ ዜሮ። አምስት ቀን ተርበው ባሉበት መቆም የሚችል ሌላ ማን አለ?

ስለ ቦርጭ በአጭሩ፦ በቀን 200 ሲትአፕ ይሠራሉ፣ ስቡ ከሆድ ላይ እንዲነሳ። ከሥሩ ያለው ጡንቻ ጠንክሯል፤ ስቡ ከየት እንደሚጀምር የሚመርጠው ሰውነት ነው፣ ሲትአፕ አላማከረውም። ሲትአፑ ላይ የሚደረበው የላስቲክ ጃኬትም ላብ ያወጣል፤ ላቡ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ይመለሳል።

የሊቁ ትልቁ ተሰጥኦ ማስተካከያ ላይ ነው። በቀን አራቴ ይመዘናሉ፤ በተመዘኑ ቁጥር ያስተካክላሉ። ጠዋት 800 ግራም ጨመረ? እራት ቀረ፣ 10 ኪሎ ሜትር ተሮጠ። በማግስቱ ወረደ? ድግስ። 800 ግራሟ ማታ ከበሉት ጨው የተያዘ ውሃ፣ ገና ያልወጣ ምግብ፣ ወይም አዲስ ብረት ማንሳት የጀመረ ጡንቻ ያበጠው ልትሆን ትችላለች፤ ለሴት ደግሞ የወር አበባ ዑደት ብቻውን ሚዛኑን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አሰልቺዎቹ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ከመጸዳጃ መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ ይመዘናሉ፤ ቁጥሩን ጽፈው ይሄዳሉ፤ የሰባቱን ቀን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያስተያያሉ። ሴቶቹ ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር። አማካዩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቀ፣ መጀመሪያ ማንኪያቸውን በሚዛን ይፈትሻሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከምግቡ 100 ወይም 200 ካሎሪ የሚቀንሱት፣ አለዚያ በቀን 2,000 እርምጃ የሚጨምሩት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይነኩም፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅምና። ክብደታቸው ሲወርድም ቀመሩን እንደገና ያሰላሉ፤ ከ80 ወደ 72 የወረደ ሰው ወጪው በቀን ቢያንስ 110 ካሎሪ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አያገለግለውም። እንዲህ እየኖሩ ምን ደስታ አላቸው?

ሦስት ወር አለፈ። ሚዛኑ 82.6 ይላል። ሊቁ መዝገባቸውን ገለጡ፤ በቀን 500፣ ለ90 ቀን፣ ለ7,700 ሲካፈል... ዛሬ 74 ኪሎ መሆን ነበረባቸው። ማን እንደተሳሳተ ግልጽ ነው። የሚዛኑን ባትሪ ቀየሩ፤ 82.6። ሸሚዛቸውን አወለቁ፤ 82.4። አንስተው ወፍራሙ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡትና በቀስታ ወጡበት፤ 79.2። ሚዛኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ከ80 የወረደችው 800 ግራምም እንዲሁ አትታለፍምና፣ ብልቃጡ ተከፈተ።